ለማስረዳት ያስቸገረ ፕሮግራም

በ1970 በኒው ጀርሲ፣ መሬይ ሂል በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ጥቂት ተመራማሪዎች አዲስ ኮምፒውተር ይፈልጉ ነበር፤ የአለቆቻቸው እጅ ግን አልፈታ አለ። (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ላቦራቶሪው ከኤምአይቲና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰበት ከመልቲክስ ፕሮጀክት በ1969 እንደ ወጣ፣ «ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንሥራ» የሚል ጥያቄ ጆሮ የሚሰጠው አልነበረም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአንድ አሮጌ ፒዲፒ-7 ላይ ዩኒክስን ጀምረው ነበር፤ ማሽኑ ግን ጠበባቸው። መላውን ያመጣው ጆ ኦሳና ነው፦ አዲሱ ማሽን ለጽሑፍ ሥራ ይገዛ። የላቦራቶሪው የፓተንት ክፍል ማመልከቻዎቹን በሥርዓት የሚያሰናዳለት መሣሪያ ይሻ ነበርና ነገሩ ሰመረ፤ ፒዲፒ-11 ተገዛ፤ የፓተንት ጸሐፊዎችም የዩኒክስ የመጀመሪያ እውነተኛ ተጠቃሚዎች ሆኑ።

ስለዚህ ዩኒክስ በጀቱን ያገኘው በጽሑፍ ስም ነው። ጽሑፍ ማሰናጃው «ሮፍ» ደግሞ የራሱ ዘር ነበረው፤ ጄሮም ሶልትዘር በ1964 በኤምአይቲ ከጻፈው «ረንኦፍ» ከተባለ ፕሮግራም የወረደ ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰነድ ማዘጋጀት ለዩኒክስ ሰዎች ከሥራ በኋላ የሚታወስ ትርፍ ነገር አልነበረም፤ የገቡበት በር ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ዳግ ማክኢልሮይ፣ ሥራው በወረቀት ላይ ይውጣ ብሎ አጥብቆ ያዘ። ቶምፕሰንና ሪቺ ጻፉ፤ የመጀመሪያው የዩኒክስ ፕሮግራመር መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዞ ወጣ። ዛሬ ማንኛውም የሊኑክስ ወይም የማክ ተጠቃሚ ተርሚናል ላይ የመመሪያ ገጽ ሲከፍት የሚያየው ቅርጽ ያኔውኑ ነበረ፦ የትእዛዙ ስም፣ አጻጻፉ፣ መግለጫው፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ ሊታዩ የሚገቡ ሌሎች ገጾች፣ የሚሰጣቸው የስህተት መልእክቶች። ከነዚህ ሁሉ በታች ሁለት ርእሶች ነበሩ፤ «ጉድለቶች» እና «ባለቤት»። በባለቤት ስር የጻፈው ሰው አጭር መለያ ይቀመጣል። በጉድለቶች ስር ደግሞ ፕሮግራሙ የማይችለው ነገር በግልጽ ይነገራል።

ይህ የጉድለቶች ክፍል ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል። ሰዓትን የሚሰጠውን የሲስተም ጥሪ የሚገልጸው ገጽ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያን ጊዜ ዩኒክስ ጊዜን ይቆጥር የነበረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1971 ጀምሮ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነው፤ ቁጥሩ የሚቀመጠው በ32 ቢት። ገጹ ራሱ፣ በጉድለቶች ስር፣ ይህ ቁጥር ከሁለት ዓመት ከምናምን በላይ እንደማያስኬድ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 828 ቀን ገደማ ቆይቶ ቆጣሪው ይሞላል። ሰሪዎቹ አልደበቁትም፤ ለማንም በሚታይ ቦታ ጻፉት፤ ብዙም ሳይቆይ ቆጠራው ወደ ሙሉ ሰከንድ ተለወጠ፤ መነሻውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሆነ። ዛሬ ስልኮቻችን ውስጥ ሳይቀር ያለው ቆጠራ ያ ነው።

ገጾቹ አጫጭር ነበሩ። ይሠሩበት የነበረው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ያትማል፤ 2,000 ፊደል ያለው ገጽ ከ3 ደቂቃ በላይ እየጮኸ ይወጣል። ትእዛዞቹም በሁለትና በሦስት ፊደል የቀሩት ከዚሁ የተነሣ ነው። ለአጭርነቱ ግን ሌላም ምክንያት ነበረ፤ እኔ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። አንባቢዎቹ በአንድ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ክፍል ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ገጹ ያልገባው ሰው ወንበሩን አዙሮ ባለቤቱን ይጠይቃል። ገጹ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ማብራሪያው የሚገኘው ከአንደበት ነው።

መመሪያው በየዓመቱ ማለት ይቻላል በአዲስ እትም ይወጣ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ እትሞች በአንዱ መግቢያ ላይ ጸሐፊዎቹ፣ ሲስተሙ ከመለዋወጡ ፍጥነት የተነሣ የኋለኞቹን ክፍሎች እየጻፉ ሳለ የቀደሙትን ማረም እንደ ግድ እንደ ሆነባቸው ተናግረዋል። ማክኢልሮይ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ የሰጠው ምስክርነት ለዚህ ታሪክ ዋናው ነው፦ አዲስ እትም ሲቃረብ ክፍሉ ይተራመስ ነበር፤ አስቀያሚውን ነገር በጽሑፍ ሲያዩት ማተሙ ያሳፍራቸውና ገጹን ሳይሆን ፕሮግራሙን ያርሙ ነበር። አንዱን ነገር ያወጣሉ፣ ሌላውን ይጨምራሉ፤ ዓላማው ለማስረዳት እንዲቀል ነው።

በ1973 የሆነው ይህን ያሳያል። ማክኢልሮይ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ግብአት እንዲሆን ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ፣ ቶምፕሰን በአንድ ሌሊት ሠራለት፤ ዛሬ ፓይፕ የምንለው ነው። የመጀመሪያው አጻጻፉ ግን ውጤት ወደ ፋይል ለመላክ የሚያገለግለውን ምልክት የሚደርብ፣ ለማስረዳት የሚያደናግር ነበር። ቶምፕሰን ለንደን ውስጥ ለሚያቀርበው ገለጻ ሲዘጋጅ ያንን አጻጻፍ ሰው ፊት ማቅረብ ከበደውና ለፓይፕ ብቻ የሚያገለግለውን ቀጥ ያለ መስመር ምልክት አመጣ። ያ ምልክት ዛሬም ተርሚናል ላይ ይሠራል። ገለጻ ባይኖር ኖሮ አስቀያሚው አጻጻፍ ሳይነካ ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ መመሪያው ከክፍሉ ወጣ። በጁላይ 1974 የሪቺና የቶምፕሰን ጽሑፍ በአንድ ታዋቂ የኮምፒውተር መጽሔት ላይ ሲታተም ዩኒቨርሲቲዎች ዩኒክስን ይጠይቁ ጀመር። የቤል ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ምክንያት ከስልክ ውጭ ንግድ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ሲስተሙን በፈቃድ ቢሰጥም እርዳታም ሆነ እርማት እሰጣለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ቴፑ ይላካል፣ መመሪያው አብሮት ይላካል፤ ወንበሩን አዙሮ የሚመልሰው ሰው ግን መሬይ ሂል ይቀራል። ለማስታወሻ የተጻፈ ገጽ በአንድ ጊዜ ብቸኛ አስተማሪ ሆነ። የትእዛዝ መስመር መመሪያ አልገባ ማለት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ገጹ አልተበላሸም፤ አንባቢው ግን ተለወጠ።

ክፍተቱን የሞሉት ሰዎች በየአቅጣጫው ተነሡ። በሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላየንስ በ1976 እና በ1977 ለተማሪዎቹ የዩኒክስን ስድስተኛ እትም ኮድ በየመስመሩ የሚያብራራ ሐተታ ጻፈ። የሰባተኛው እትም ፈቃድ እንዲህ ያለውን ማስተማሪያ ሲከለክል፣ የላየንስ ሐተታ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ለሃያ ዓመት ያህል ኖሮ በ1996 በይፋ ታተመ። በቤል ውስጥ ደግሞ ብራያን ከርኒሃን ለጀማሪዎች ማስተማሪያዎችን ይጽፍ ነበር። በጃንዋሪ 1979 የወጣው ሰባተኛው እትም ይህን መለያየት በግልጽ ተቀበለ፤ አንደኛው ጥራዝ ማጣቀሻ ገጾቹን ያዘ፤ ሁለተኛው ደግሞ ማስተማሪያና ሐተታ ሆነ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ጉዳቱ የታየው በኋላ ነው፤ ሲስተሙ ወደ ሌላ ማሽን ሲገለበጥ ማጣቀሻ ገጾቹ ሁልጊዜ አብረው ሲሄዱ፣ ሁለተኛው ጥራዝ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ቀረ።

በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ ከተስፋፋ በኋላ ትእዛዞቹ ኦፕሽን በኦፕሽን ላይ እየደረቡ ሄዱ። ሮብ ፓይክ በ1983 «ካት» የተባለችው ትንሽ ትእዛዝ የማይመለከታትን ሥራ እንድትሠራ መደረጓን ነቅፎ ተናገረ፤ ተቃውሞው ስለ ፕሮግራም ንድፍ ነው፤ ለመመሪያው ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ኦፕሽን ገጹን አንድ አንቀጽ ያስረዝማል። ፋይሎችን የምትዘረዝረው ትእዛዝ ዛሬ ግኑ በተባለው ነፃ ሲስተም ሥሪቷ ከ50 በላይ ኦፕሽን አላት፤ አብዛኛው ሰው ከአምስትና ከስድስት አያልፍም፤ የሚፈልጋቸው ግን በሌሎቹ መካከል ተበትነው ነው የሚያገኛቸው።

ከውጭ የመጣው ትችት በ1981 ነበር። በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ የሆነው ዶናልድ ኖርማን በዳታሜሽን መጽሔት ላይ ዩኒክስን ክፉኛ ወቀሰ። የትእዛዞቹ ስም ከሥራቸው ጋር አይገናኝም፤ አጻጻፋቸው ወጥ አይደለም፤ ሲስተሙ ዝምተኛ ነው፤ ሥራው ይሳካ አይሳካ ሳይናገር ይቀመጣል አለ። ከቤል ማይክል ሌስክ በዚያው እትም መልስ ሰጠ። ኖርማን ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ወቀሳው ያረፈበት ቦታም አስተዋይነቱን ያሳያል። ወቀሳው ያተኮረው በሲስተሙ ላይ ነው፤ ጽሑፍ የሚያስቸግረው የሚገልጸው ነገር ሲያስቸግር ነው የሚል ሐሳብ ውስጡ ነበር። ይህም ማክኢልሮይ ከውስጥ የሚያውቀው ነገር ነው።

በዚሁ ዘመን ቤል ውስጥ ሎሪንዳ ቼሪ ችግሩን በሌላ በኩል ያዘችው። ጽሑፍን የሚመረምሩ ፕሮግራሞች ጻፈች፤ «ስታይል» የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የግሶቹን ዓይነት ይቆጥራል፤ «ዲክሽን» የተንዛዛ አነጋገርን ለቅሞ ያሳያል። እነዚህ የ«ራይተርስ ወርክቤንች» መሠረት ሆኑ። ረዥሙን ዓረፍተ ነገር ያመለክታሉ፤ የጎደለውን ምሳሌ ግን አይጨምሩም። በአጭርና በጠራ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ገጽ ለማያውቅ ሰው ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሪቻርድ ስቶልማን ግኑን በ1983 ሲያውጅ መመሪያንም እንደ አዲስ ሊሠራው ተነሣ። የአንድ ገጽ ማጣቀሻ መጽሐፍን አይተካም፤ ፕሮግራም በምዕራፍ የተከፋፈለ፣ ከሐሳቡ የሚጀምር መጽሐፍ ያስፈልገዋል ብሎ አመነ። ቴክስኢንፎ የመጣው ከዚህ ነው፤ ማንበቢያውም «ኢንፎ» ነው። በመርሁ አልቃወምም፤ የግኑ መመሪያዎች ውስጥ እጅግ ጥሩ ሆነው የተጻፉ አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው የድሮውን ገጽ ሲከፍት፣ ሙሉው መመሪያ ሌላ ቦታ ነው የሚል መልእክት እየጠበቀ ሲመልሰው ኖረ። «ኢንፎ» ውስጥ መዟዟር ራሱ ትምህርት ይፈልጋል። ሁለት የመመሪያ ሥርዓት ጎን ለጎን ቆመው አንባቢው በመካከል ቀረ። ከግኑ የተረፈው ትልቁ ስጦታ ትንሽ የሚመስለው ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ሰረዝና «ሄልፕ» ሲባል አጭር ማብራሪያ እንዲሰጥ የደነገገው ደንብ። ዛሬ ከግኑ ውጭ ያሉትም ይከተሉታል።

በ1990ዎቹ ኃላፊነቱ ለበጎ ፈቃደኞች ተረፈ። በበርክሊ ሲንቲያ ሊቪንግስተን በ1990 አካባቢ «ኤምዶክ» የተባለውን የገጽ አጻጻፍ አበጀች። የቀድሞው አጻጻፍ «ይህ ይደምቅ፣ ይህ ይዘንብል» ይል ነበር፤ የእሷ «ይህ ኦፕሽን ነው፣ ይህ የፋይል ስም ነው» ይላል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ደግሞ የመመሪያ ገጽ የሌለው ፕሮግራም ጉድለት እንዳለበት ይቆጠር ብሎ በደንቡ አሰፈረ። ፕሮግራሙ ብዙ፣ ጸሐፊው ጥቂት ስለሆነ ለጊዜው «ይህ ፕሮግራም መመሪያ የለውም» የሚል አንድ የጋራ ገጽ ተዘጋጅቶ ገጽ የሌላቸው ሁሉ ወደ እሱ ይጠቁሙ ነበር፤ ያም ጉድለትን መሸፈኛ እየሆነ ሲመጣ ተተወ።

የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እና የሲ ላይብረሪ ገጾች ከሰው ወደ ሰው ሲሸጋገሩ ቆይተው በ2004 በማይክል ኬሪስክ እጅ ገቡ። ኬሪስክ ሌሎች የጻፉትን በማሳመር ብቻ አይወሰንም ነበር፤ ይፈትናል። ገጹ የሚለውን ለማረጋገጥ ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞች ይጽፋል፤ ከርነሉ ሌላ ነገር ሲሠራ ያገኘዋል፤ አንዳንዴ የሚታረመው ገጹ ነው፣ አንዳንዴ ግን ከርነሉ ራሱ። በዚህ መንገድ ብዙ የከርነል ስህተቶችን አገኘ። በ2010 ያሳተመው የሊኑክስ ፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ ከ1,500 ገጽ በላይ ነው። እዚህ ላይ የ1971ዱ ልማድ በሌላ ሰው ተመልሶ ይታያል፤ ልዩነቱ ኬሪስክ የከርነሉ ባለቤት አለመሆኑ ነው፤ ያገኘውን ይዞ ባለቤቶቹን ማሳመን ነበረበት።

ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ፕሮጀክት ይህን ክርክር ከሥሩ አስቀረው። እዚያ የገጽ ስህተት እንደ ኮድ ስህተት ይታያል፤ ትእዛዝ ሲለወጥ ገጹ አብሮ ይለወጣል። በ2010 ገጾቹን የሚያሰናዳውን አሮጌ ፕሮግራም ትቶ ክሪስታፕስ ድዞንሰንስ በጀመረው «ማንዶክ» ተካው። የኦፕንቢኤስዲን ገጾች ያነበበ ሰው ጥንቃቄውን ወዲያው ያስተውላል።

እነዚህ ገጾች ማሽኑ ውስጥ አብረው የሚቀመጡ መሆናቸው ኔትወርክ ባለበት አገር ላይታሰብ ይችላል። በ2020 ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ መልስ ከድረ ገጽ መፈለግ የለመደ ፕሮግራመር እጁ ላይ የቀረው በተርሚናሉ የሚከፈተው ገጽ ነበር። ገጹ ግልጽ መሆን አለመሆኑ ያኔ የምቾት ጉዳይ አልነበረም።

በ2013 የተነሡት ሥራዎች ከሌላ ወገን ናቸው። «ቲኤልዲአር ፔጅስ» የተባለው የጋራ ሥራ ረዥሙን ገጽ ትቶ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ጥቂት የተመረጡ ምሳሌዎችን ብቻ ያስቀምጣል፤ ከ8 እንዳይበልጡ ደንብ አለው። በዚያው ዓመት የመጣው «ኤክስፕሌይንሼል» የጻፍከውን ትእዛዝ ቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደሆነ ከመመሪያ ገጾቹ አውጥቶ ያሳያል። ሁለቱም ተወደዱ። ውዴታው የሚነግረን ሰዎች ማንበብ እንደማይወዱ አይደለም፤ ምሳሌ ለአርባ ዓመት ያህል ከብዙ ገጾች እንደ ጠፋ ነው። በ2020 መጨረሻ የወጣው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራሞች አሠራር መምሪያ ምሳሌ ከሁሉ ይቅደም ሲል የመከረው ይህንኑ አይቶ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በአፕሪል 2005 በጥድፊያ ጻፈው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጁኒዮ ሃማኖ ተረከበው። የጊት ገጾች በይዘት ሙሉ ናቸው፤ ለሚያውቅ ሰው ትክክል ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው ግን አንድን ነገር በሦስት ስም ይጠሩታል፤ አንዴ «ኢንዴክስ»፣ አንዴ «ካሽ»፣ አንዴ «ስቴጂንግ ኤሪያ»። «ቼክአውት» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች አሉት፤ ቅርንጫፍ ይቀይራል፣ የተለወጠን ፋይልም ወደ ቀድሞው ይመልሳል። አንዱ ምንም አያጠፋም፤ ሌላው ያልተቀመጠ ሥራህን ይደመስሳል። ይህን የሚያስረዳ አንቀጽ ሊጠራ አልቻለም። በኦገስት 2019 በወጣው እትም ሥራው «ስዊች» እና «ሪስቶር» ተብሎ ለሁለት አዳዲስ ትእዛዞች ተከፈለ። ገጹን ያቀለለው ትእዛዙን መክፈሉ ነው።

የገጽ ሥራ ግን ሰው ይፈልጋል፤ ሰውም ይበላል። ከኬሪስክ በኋላ የሊኑክስ ገጾችን የያዘው አሌሃንድሮ ኮሎማር በ2024 ያለ ክፍያ መቀጠል እንደማይችል አስታውቆ ሥራውን አቆመ። ዓለም ሁሉ የሚሠራባቸው ገጾች ያለ ጠባቂ ቀሩ። ያን ጊዜ ጥቂት ኩባንያዎች ተባብረው ክፍያ አቀረቡ፤ ኮሎማርም ተመለሰ። ከነዚህ ገጾች በየቀኑ የሚጠቀመው ኩባንያ ስንት እንደሆነ ሳስብ፣ ለአንድ ሰው ደሞዝ እስከዚህ መድረሱ ያሳዝነኛል።

በ2025 ጁሊያ ኢቫንስ የጊትን ገጾች ለማጥራት ተነሣች። ኮምፒውተርን በሥዕላዊ ትናንሽ መጽሐፎች በማስረዳት የምትታወቅ ናት። ገጹን ከማረሟ በፊት ጊትን ለሚጠቀሙ ሰዎች ያለውን ጽሑፍ ሰጥታ ያልገባቸውን ቦታ እንዲያሳዩዋት ጠየቀች፤ ከዚያ እርማቷን ለጊት ሰሪዎች አቀረበች፤ በየቃሉ ተከራከሩበት። ከወጡት ሥራዎች አንዱ ጊት ነገሮችን በምን መልክ እንደሚያስቀምጥ ከሥሩ የሚያስረዳ አዲስ ገጽ ነው፦ ኮሚት፣ የፋይሎች ዝርዝር፣ የፋይል ይዘት፣ ታግ፤ እነዚህን የሚጠቁሙ ስሞች፤ እና በሦስት ስም ሲጠራ የኖረው ኢንዴክስ። ጊት ከተጀመረ ሃያ ዓመት ሞልቶት ገጹ ከሌሎቹ ጋር ገባ፤ ተርሚናል ላይ ያለ ኔትወርክ ይነበባል።